ዘጠኝ ደወል

ኅዳር ሲጋመስ ቫርዶ ላይ ፀሐይ ደጇን ትዘጋለች፤
ሁለት ወር ሙሉ ደሴቷ በአምፖል ትተዳደራለች።
ያን ጊዜ ነው፣ ሐሙስ ማታ፣
የቤተ መጻሕፍቱን ምድር ቤት የምከፍተው ለጨዋታ።

እኔ አልጫወትም፤ ቁልፍ ያዥ ነኝ፤
ማሞቂያ አብርቼ ጥግ ይዤ፣ ክርክራቸው ነው የሚያዝናናኝ።
«ዘጠኝ ደወል» ይሉታል፤ ባለ ዘንዶ፣ ባለ አስማት፣
ባለ ሰባት መንግሥት ካርታ፣ ባለ መቶ ሰዓት ጥማት።

ትሪግቬ ይጀምራል፤ የዓሣ ፋብሪካው ፎርክሊፍት ነጂው፣
ሁሉን በቁጥር መዛኙ፣ እርሳስ ከወረቀት ፈጂው፦
«መጥረቢያው ስልሳ ይመታል፣ ጦሩ ግን ሰባ ሁለት፤
ታዲያ ማን ነው ወርቁን ከፍሎ መጥረቢያ የሚሸከምበት?
ከረጢቱስ! አርባ ኪሎ ካለፈ እግሬ ይቀረቀራል፤
ዘንዶ የጣለ ጀግና ወገቡ በሦስት ድንች ይሰበራል?»

ሱኒቫ ነርስ ናት፣ የሌት ተረኛ፤ ቁጥር አይገዛትም፤
«መጨረሻው ከዳኝ» ባለች ጊዜ ማንም አያቋርጣትም።
«ዘጠና ሰዓት ለፋሁ፤ ንግሥቲቱን ከሞት አወጣኋት፤
ቁስሏን አጥቤ፣ መርዙን መጥጬ፣ በበረዶው ተሸከምኳት።
ዘጠነኛው ደወል ሲደወል ስሜን እንኳ አልጠራችም!
ይህን የጻፈ ሰው መቼም
አንድ ሌሊት፣ አንዲት ሌሊት፣ በሽተኛ አስታሞ አያውቅም።»

ኤስፔን ይስቃል፤ ገና አሥራ ሰባቱ፣ ከንፈሩ ላይ የሶዳ አረፋ፣
«ንግሥት ውለታ ቆጥራ ታውቃለች? እኔ ሸጥኳት፣ ምንም አልከፋ፤
በወርቁ ጀልባ ገዛሁ፣ መንደሩን በሞላ አቃጠልኩ፤
በነጋታው ግን...
ከአሮጌው ፋይል ጀመርኩ።»
«ለምን?» አለችው።
ጆሮው ቀላ።
«የዳቦ ሻጯ ውሻ፣ ከአመዱ ኋላ፣
በሩ በነበረበት ቆሞ ይጠብቃል።
ይህን ማን አስገባው? ማንስ ያስባል?»

ማሞቂያው ብቻ ጠጠር እንደሚያኝክ ሰው ተንጣጣ።

ከዚያ የኦድቫር ተራ መጣ።
ሰባ ስድስት ዓመቱ፤ አርባው በኮድ መርከብ ላይ ያለቀ፣
ጠቋሚ ጣቱ ከገመድ ጋር ባሕር የወደቀ።
ሦስት መቶ ሰዓት ተጫውቶ፣ ከመጀመሪያው መንደር ንቅንቅ ያላለ፣
ሰይፉን ገና በዋዜማው ከጉድጓድ የጣለ።
ትሪግቬ አይችለውም፦ «አንተ ተጫዋች አይደለህም፣ ተከራይ ነህ!
ስንት ዓመት ነው ውልህ?»

ኦድቫር መነጽሩን ጠረገ። በሹራቡ። ሁለቴ።
«መረቡን የሣለው ሰው» አለ፣ «መረብ አስሮ አያውቅም፤
ያ ቋጠሮ አንዲት ሄሪንግ አያስቀርም።
ማዕበሉም ውሸት ነው፤ ነፋስ ከምዕራብ ሲመጣ እንዲያ አይነሳም።
ስለ ንግሥቲቱ አላውቅም። ዘንዶውንም አላገኘሁትም።
ግን ከወደቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ ስል፣
በየሃያ አራት ደቂቃው፣ ከጀልባዎቹ ጀርባ፣
ፀሐይ ትወጣለች።
መጀመሪያ አመድ፣ ቀጥላ መዳብ፣
ኋላ ዓይን አታስገልጥም።
እሷን የሠራት ሰው አልሰነፈም።
ሰባቴ አያትና እተኛለሁ።»

ትሪግቬ እርሳሱን አነሣ፤ ምን ያድርግ፣ ልማዱ ነው፤
ስልሳውን ቀን በደቂቃ አባዝቶ ለሃያ አራት አካፈለው።
«ሦስት ሺህ ስድስት መቶ» አለ፣ ለራሱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«እስከ ጥር።» ወረቀቱንም ኪሱ ከተተ አራት እጥፍ አድርጎ።

በሌላው ሐሙስ ስገባ አራቱም አንድ ወደብ ላይ ነበሩ፤
በየትኛው ድንጋይ እንደሚቀመጡ ገና ይከራከሩ፦
ኤስፔን «ግራው»፣ ሱኒቫ «ቀኙ»፤
ትሪግቬ ድንቹን አራግፎ፣ እንደ ልማዱ ማን እንደሚቀድም ሲመድብ፣
ኦድቫር «ዝም በሉ» አለ፣ «ልትወጣ ነው።»

መብራቱን አጠፋሁ።
ማንም «ለምን» አላለኝ።